ሳይወለድ ጉዞ ስለ ተፈቀደለት ልጅ፤ ለመስኮት ቁጥር ሰባት ሹም

ለክቡር የመስኮት ቁጥር ሰባት ሹም፣
ጄኔቫ

ክቡርነትዎ በዚህ የሐምሌ ሙቀት ጤናዎ እንደ ተሟላ፣ ወንበርዎ እንደ ተመቸዎ፣ ማኅተምዎም ከሣጥኑ ሳይወጣ በሰላም እንዳረፈ ተስፋ እያደረግሁ፣ ከለ ሊኞን ሰፈር፣ ከስድስተኛው ፎቅ፣ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። በማኅበራችን መጽሔት ላይ በአማርኛ መጻፌም ድፍረት አይምሰልብኝ፤ በፈረንሳይኛ የላክሁልዎን አራት ደብዳቤዎች እንዳላነበቧቸው ስለ ተረዳሁ፣ በማያውቁት ቋንቋ ብጽፍ ቢያንስ የሕሊና ሸክምዎን አቀልልዎ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ልጄ የወይንሐረግ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ አሠሪዎቿ ባለፈው መስከረም ወደ ቪየና ሲዛወሩ አብራቸው ሄደች፤ አባታቸው የሞተባቸው ሁለቱ ልጆቿ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ሔቨንና የስድስት ዓመቱ ሰኒ፣ ከእኔ ዘንድ ቀሩ። አሠሪዎቿ ከኦገስት አንድ ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ወደ ባሕር ሲሄዱ፣ እርሷ ቤቱንና ውሻቸውን እየጠበቀች ልጆቿን እንድታስገባ ፈቅደውላታል። ከእነዚያ ሁለት ሳምንታት በቀር በዓመቱ ውስጥ ሌላ ቀን የላትም። ከክቡርነትዎ የምንለምነውም ልጆቹ ከእኔ ጋር ወጥተው እንዲመለሱ የምትፈቅድ አንዲት ወረቀት ብቻ ናት።

አንደኛ። የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ሁለት ሕፃናት ይዞ ያን ሁሉ አገር ብቻውን እንዴት ይነዳል ብለው ስለ ተጨነቁልን፣ የየቀኑን ዕቅድ እንድጽፍም ስላዘዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሰባት ገጽ ጻፍሁ። በመጀመሪያው ቀን ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ከሚኖረው ከቀድሞ ተማሪዬ ከአቶ ከተማ ቤት እንደምናድር፣ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኒ መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ስለሚያስመልሰው፣ በየአርባ ደቂቃው እየቆምን ተራራውን እንደምንሻገር፣ በሦስተኛው ቀን ማታ ከእናታቸው ደጅ እንደምንደርስ ዘረዘርሁ። እኔን ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰኒን ወደ ወንዶች መጸዳጃ ይዤው ስገባ ሔቨንን ለማን እተዋታለሁ? መላውን ያገኘችው ራሷ ናት፤ በሩ ላይ ቆማ ጮክ ብላ ትዘምራለች፣ መዝሙሩ የተቋረጠ እንደ ሆነ እኔ እሮጣለሁ። ክቡርነትዎ ግን ከሰባቱ ገጾች ይህችን መስመር ብቻ በቀይ ከበው፣ በኅዳጉ ላይ «የመዝሙሩ ዓይነት ይገለጽ» ብለው መለሱልኝ። ገለጽሁ።

ሁለተኛ። እናታቸው መስማማቷን በፊርማዋ እንድታረጋግጥ በጠየቁት መሠረት፣ ልጄ በእጇ ጽፋ ላከች። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልናዘዝ አላልፍም። በስልክ «አባባ፣ ቀኑን በፈረንጅ ልጻፈው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ዕድሜዬን ሁሉ ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና፣ «ምነው ልጄ፣ በራሳችን ቁጥር አፈርሽበት?» ብዬ ገሠጽኋት፤ እርሷም ታዝዛ ሰኔ 3 ቀን 1986ን በቁጥር፣ 3-10-1986 ብላ ጻፈች። ዙሪክ የሚኖረው የመሐላ ተርጓሚም ቃሉን ሁሉ ተረጎመና ቁጥርማ ትርጉም አይሻም ብሎ እንዳለ ገለበጠው። ክቡርነትዎም ፈቃዱ ከስምንት ዓመት በፊት በኦክቶበር እንደ ተሰጠ፣ ጊዜው እንዳለፈበት፣ ይልቁንም እናቲቱ ገና ላልተወለደ ልጅ ጉዞ እንደ ፈቀደች ደረሱበት። ስለ አገሬ ዘመን አቆጣጠር ያስረዳሁዎትን ግማሽ ሰዓት በትዕግሥት ሰምተው፣ ሲያበቃ «አስደሳች ባህል ነው» ስላሉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በዚያው ስሌት እኔም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ የስድሳ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ብሆን መንዳቱ ባላጠያየቀኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቸርነት ለወረቀት እንጂ ለሰው እንዳልሆነ ተገንዝቤአለሁ።

ሦስተኛ። ሁለተኛው ደብዳቤ፣ በፈረንጅ ቀን የተጻፈው፣ በደረሰዎ ጊዜ፣ በስምንት ዓመት ልዩነት የተጻፉ ሁለት ወረቀቶች አንድ ዓይነት ቀለምና አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ መያዛቸው እንዳጠራጠረዎ፣ ስለዚህም ለምርመራ እንደ ተላከና ምርመራው ስምንት ሳምንት እንደሚፈጅ አስታወቁኝ። እናታቸው የተፈቀደላት ቀን ሊገባ የቀረው ዐሥር ቀን ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቻለሁ። ነገሩን ለልጆቹ ስነግራቸው ሔቨን የመንገዱን ካርታ አጥፋ ከአልጋዋ ሥር ከተተችው። ሰኒ ግን ፊቱ በርቶ፣ «እኔ ሳልወለድም እማዬ ታውቀኝ ነበር? ና ብላኝ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። አዎን አልሁት። ክቡር ሆይ፣ በመሥሪያ ቤትዎ አማካይነት ለዚህ ልጅ የደረሰው ደስታ ይህ ብቻ ነውና ከእጁ አልነጠቅሁትም። ጫማውን ግን በየማለዳው በር ላይ ያሰልፋል፤ እኔም በየማለዳው አንሥቼ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። አሁን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ይህን እንኳ ስጽፍ ያለ ፌዝ ነው።

ማኅተምዎ ከሣጥኑ የሚወጣበትን ሰዓት በአክብሮት የምጠባበቅ፣ በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር የክቡርነትዎ ትሑት አገልጋይ፣

ሀብተሥላሴ ዘበነ
ሐምሌ 15 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ለክቡርነትዎ ደግሞ ጁላይ 22 ቀን 1994

ማስታወሻ፦ የልጄ አሠሪዎች ውሻ ባለፈው መስከረም ድንበር ሲሻገር የመውጫ ወረቀቱ የተሠራለት በዚያው በክቡርነትዎ ሕንፃ፣ በአንድ ጧት ነበር። የልደት ቀኑን ባለቤቶቹ ባለማወቃቸው፣ በቦታው ላይ «በግምት» ተብሎ ተጽፎለታል። ለልጄ ፊርማ ቀንም ይህችኑ አንዲት ቃል ቢጽፉላት ብዬ እለምናለሁ፤ ካልሆነም ግድ የለም፣ ውሻው ዛሬ ማታም እግሯ ሥር ይተኛል።