ከንጋት የሚቆጠር ብርሃን

ሚያዝያ 6፣ ጠዋት

ሰማያዊው መብራት በርቷል። ነጩ ገና ነው። የገንዳው ውሃ 26 ዲግሪ። ጨዉ ልክ። ትናንት በሙቀቱ የተነነውን ያህል የባትሪ ውሃ ጨመርኩ። የሎጊያ የቧንቧ ውሃ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ አይሆንም፤ የተጣራ ውሃ ያለው ጋራዥ ነው፣ ለመኪና ባትሪ። ባለጋራዡ ስንት ተሳቢ ነው ያለሽ ይለኛል። አልመልስለትም። ባለሀብት ብመስለው ምን ገዶኝ።

እማ ከሱቁ በኩል ትጣራለች። ድንጋዮችሽን ቁርስ አብልተሽ ስትጨርሺ የሳሙናውን ካርቶን አውጪልኝ ትላለች። ድንጋይ አይደሉም እላለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው። ኮራል እንስሳ ነው። ገላው ውስጥ ረቂቅ አልጌ አስጠግቶ ይኖራል፤ አልጌው ከብርሃን ምግብ ይሠራና ያበላዋል። ብርሃን ሲያንስ ይራባል። ብርሃንና ሙቀት ሲበዛበት አልጌውን ከገላው ያባርርና ይነጣል። እማ አዳምጣ አዳምጣ፣ ታዲያ ቁጡ ነው በይኛ፣ እንደ አንቺ፣ ብላ ሄደች።

ስድስት ናቸው። ጅቡቲ አንድ አርቢ ቤት ተባዝተው ያደጉ፣ ወረቀታቸው የተሟላ። ያመጣልኝ የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ አጎቴ ሰይድ ነው፣ ጋቢናው ውስጥ፣ ረዳቱን ወደ ኋላ አባርሮ። የባሕሩን ውሃም በጀሪካን የሚያመላልሰው እሱ ነው። ኬላ ላይ ምንድን ነው ሲሉት፣ የእህቴ ልጅ ሎጊያ ላይ ባሕር እየሠራች ነው ይላል። ስቀው ያሳልፉታል።

ሚያዝያ 9

ይህን እስከ ዛሬ ለአንቺም አልጻፍኩልሽም ማስታወሻዬ። ዛሬ ይጻፍ።

ሰመራ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ረዳት መምህርት ነበርኩ። በአፋር ሙቀት ኮራል በክፍል ውስጥ ይኑር፣ ተማሪ ይማርበት ያልኩት እኔ። የመብራቱን ዓይነት የመረጥኩት እኔ። መቼ እንደሚበራ፣ መቼ እንደሚጠፋ ሰዓቱን የደለደልኩት እኔ። በማርከር ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የክፍሉ ኃላፊ ዶ/ር እ. በስልኩ ፎቶ አነሳው። ለማጥናት መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ስብሰባ ላይ የራሱ ጥናት ብሎ አቀረበው። ተነስቼ የእኔ ነው አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ውሌ ሲያልቅ አልታደሰም። ምክንያቱ፣ ከባልደረባ ጋር ተግባብቶ የመሥራት ችግር።

ዕቃዬን ጭኜ ወደ እማ መጣሁ። የመጋዘኗን ግማሽ ያዝኩ። አላለቀስኩም። አንዴ፣ ሚኒባስ ውስጥ። እሱ አይቆጠርም።

የእማ ቃል እንዲህ ነው። ድንጋዮቼ ግንቦትንና ሰኔን በሕይወት ካለፉ መጋዘኑ የእኔ። ከሞቱ ገንዳው ይሸጣል፣ እኔም አዋሽ ሄጄ የአባቴ ዘመድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ እሆናለሁ። ደግ ሰዎች ናቸው አለች። ከበረንዳው ላይ ባቡር ይታያል አለች። ሁለት ዲግሪ ይዤ የክፍል ቁልፍ ላድል። እሺ አልኳት። ስለማልሄድ ነው እሺ ያልኩት።

ሚያዝያ 14

አሁን ያለችኝ መብራት ትንሽ ናት፣ ጊዜያዊ። ዋናው ዛሬ መጣ። አይሆንም። አጎቴ ገበያ ላይ አግኝቶ የገዛው ሐምራዊ ፓውዛ ነው፣ ለቲማቲም ችግኝ የሚሆን። ቀዩ ይበዛዋል። ቀይ ብርሃን ባሕር ውስጥ ሩቅ አይዘልቅም፤ ኮራል የሚያውቀው ሰማያዊውን ነው። ቀይ ላብዛ ብል የማተርፈው መስታወት ላይ የሚለጠፍ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ነው። አጎቴ ተቀየመኝ። መብራት መብራት ነው፣ ስንት ዓመት ስነዳ ቀለሙን ጠይቄው አላውቅም አለ። ፓውዛው ለእማ በሶብላ ሆነ። በሶብላው ተመችቶታል።

ዛሬ ቁጭ ብዬ እንደገና አሰብኩበት። ትልቁ የድሮ አምፖል ብርሃኑ ግሩም ነው፣ ሙቀቱ ግን ምድጃ። ሎጊያ ምድጃ አልጎደላትም። ረጅሙ የቱቦ አምፖል ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ሁሉንም ጥግ እኩል ያበራል፤ እያደር ይደክማል፣ መለወጫውን ማን ያመጣልኛል። ስለዚህ ኤልኢዲ። ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ሙቀቱን በጀርባው ወደ ላይ የሚተፋ። ሥዕሉን ለአጎቴ ላክሁ። ይህን ነው፣ ሌላ እንዳታመጣ። በእሺታው ውስጥ ቅሬታ አለ። ይለፈው።

ሚያዝያ 22፣ ከሰዓት

መጣ። ልክ ያልኩት። አጎቴ ራሱ ሰቀለው፣ የጭነት ማሰሪያ ሰንሰለት ቆርጦ። ከፍ ዝቅ ማድረግ እችላለሁ። ተሳቢ የሚጎትት ሰንሰለት ፋኖስ ተሸከመ እያለ ይስቃል። ታረቅን።

የጀመርኩት በሩብ ኃይል ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እጨምራለሁ። ከጥላ የወጣ ሰው እንኳ በአንዴ ፀሐይ ላይ አይሰጣም።

ድልድሉ፦ ሰማያዊው ጠዋት 1 ሰ.። ነጩ ከ3 ጀምሮ ቀስ እያለ። ሙሉው ከ5 እስከ 8። 11 ላይ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። ማታ 1 ላይ ጨለማ፤ ጨለማም ቀለብ ነው። ውሃው ላይ የሚነፍሱት ማራገቢያዎች ከ4 እስከ 12፣ ማለትም ከረፋድ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ። ኮሌጅ ግድግዳ ላይ የነበረው ነው፣ ምንም አልቀየርኩም። ከራሴ መስረቅ አይቻልም።

መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋው መሣሪያ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። እኔ ከንጋት። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በእኛ ሰዓት እጽፍና ስሞላው ስድስት እጨምራለሁ። የጠዋቱ 1 እዚያ 7 ይሆናል። ሎጊያ ውስጥ ስልክ የያዘ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ግንቦት 11

መብራት ጠፋ፣ በቀትር። የከተማው በሙሉ።

ማራገቢያው ቆመ። ውሃው 28። 29። ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። አጎቴ ጎማ ሊያሠራ እዚያው ነበር። ምንም ሳይጠይቅ የመኪናውን ባትሪ ነቅሎ ተሸክሞ መጣ። ትንሿን ማራገቢያ ከባትሪው ጋር አገናኘን። እማ ሱቋን ዘግታ ጆንያ በውሃ እየነከረች በገንዳው ዙሪያ ጠመጠመች። አስር ሰዓት ላይ ውሃው 27 ገባ። መብራቱ ወደ ማታ መጣ።

ሁሉም አሉ። ትልቁ ኮራል ጣቶቹን ሰብስቦ ነበር፤ አሁን ይህን ስጽፍ እየዘረጋ ነው። እማ ጆንያዋን እየጨመቀች፣ አልሐምዱሊላህ ካለች በኋላ፣ ይህን ያህል የደከምኩት ለሳሙናዬ ነው፣ እርጥበት እንዳይነካው፣ አለች። ሳሙናው በሌላው ግድግዳ ነው።

ግንቦት 24

ሦስት አራተኛ ኃይል። ቀለማቸው መጣ። አንዱ አረንጓዴ፣ ጫፉ ወይን ጠጅ። ይህን ቀለም ያወጣሁት እኔ ነኝ። አምላክ ሠራው፣ ሰዓቱን እኔ ደለደልኩለት።

ሾፌሮች እየመጡ ያያሉ። እማ ውሃና ብስኩት ካልገዙ አታስገባም። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ሾፌር፣ ዕድሜውን ሙሉ ጅቡቲ የተመላለሰ፣ መስታወቱ ፊት ተቀምጦ ብዙ ቆየ። ባሕሩን ሁልጊዜ ከላይ ነው የማየው፣ ሆዱን አይቼው አላውቅም ነበር አለኝ። ማሻአላህ ብሎ ሁለተኛ ብስኩት ገዛ። ኩራት ሲያሳብጥ ታውቂያለሽ? አበጥኩ።

ሰኔ 2

ፋጡማ ከሰመራ መጣች። የኮሌጁ ላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ ከዚያ ቤት የቀረችኝ ብቸኛ ጓደኛ። ዶ/ር እ. ገንዳ አስተክሏል፣ ኮራልም አስመጥቷል። በስልኳ የቀረጸችውን አሳየችኝ። ነጥተዋል። ዳር ዳራቸው እንደ ኖራ።

ነገሩን ጠየቅኋት። መብራቱ የሚበራው ሌሊት 7 ሰ. ነው አለች። ዘበኛው ባዶ ክፍል በሰማያዊ ሲሞላ ጂን መስሎት እስከ ሱብሂ ቁርኣን ሲቀራ ያድራል። ሙሉው ብርሃን የሚጀምረው ከንጋት በፊት ነው። ቀን 7 ላይ ሁሉም ይጠፋል፤ ግን መስኮቱ ሰፊ ስለሆነ እስከ ማታ ፀሐዩ ይገባል። ጨለማ የሚያገኙት ከመግሪብ በኋላ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ማራገቢያዎቹስ? ሌሊት 10 ላይ ይነሳሉ፣ ልክ በቀትር፣ ሙቀቱ ሲጀምር፣ ጸጥ ይላሉ።

ቁጥሮቹን አሳየችኝ። 1፣ 3፣ 5፣ 8፣ 11፣ መዝጊያው 1። ማራገቢያ ከ4 እስከ 12። የእኔ። እንዳሉ ገልብጧቸዋል። ስድስት አልጨመረም።

እንዴት ይጨምራል? ውጭ ተምሮ ከመጣ ወዲህ እሱ ራሱ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ስብሰባ በ9 ካለ ጠዋት 3 ማለቱ ነው። በእኛ ሰዓት ስናገር የገበሬ ሰዓት ይለኝ ነበር፣ ሰው ፊት። ለጎብኚዎች ደግሞ፣ ይህ በረሃን የተላመደ አሠራር ነው፣ ኮራሉ ሌሊት ይሠራል በቀትር ያርፋል፣ እያለ ያስረዳል አለች ፋጡማ።

ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ። ፋጡማም ሳቀች። ከዚያ ቪዲዮውን ደገምኩት። እዚያ ላይ ሳቁ ቆመ።

ሰኔ 4

አልናገርም። ወስኛለሁ። የሰረቀው ይብላው። አጎቴ ደግ አደረግሽ አለ።

እራት ላይ ለእማ ነገርኳት። ማመስገን ጠብቄ ነበር። ቁራሿን አስቀምጣ አየችኝ።

«ድንጋይ አይደሉም ስትዪኝ ነው የከረምሽው። ድንጋይ ካልሆኑ ያማቸዋል። እነሱ ምን ሰረቁሽ?»

በጣም ተናደድኩ። እማ ላይ አይደለም።

ሰኔ 5

ለፋጡማ ደወልኩ። መስኮቱን ጋርጂ፣ ማራገቢያውን በቀትር በእጅሽ አስነሺ አልኳት። ያለ እሱ ፈቃድ መሣሪያውን መንካት ፈራች። ከእንጀራዋ ጋር ነው የሚያያዘው፣ አልፈርድባትም። ስሜን ጠርተሽ፣ ሀያት ምክንያቱን ታውቃለች ብለሽ ንገሪው አልኳት።

ሰኔ 7፣ ረፋድ

ዶ/ር እ. ደወለ። ድምፁ ማር። እንዴት ነሽ፣ እናትሽ እንዴት ናቸው። ከዚያ፣ መሣሪያው ተበላሽቶብናል፣ ብትመጪና ብታዪልን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤም ይጻፍልሻል አለ። የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። እማ ሚዛኗን ትታ ትሰማለች።

«መሣሪያው ደህና ነው ዶክተር። ሰመራ ላይ ፀሐይ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?»

ጥያቄው ገረመው፤ ሳያስበው በገበሬ ሰዓት መለሰ። «አስራ ሁለት ገደማ።»

«መሣሪያው ላይስ?»

ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝ። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ሲወድቁበት ሰማሁ። ስድስት ብሎ አልመለሰልኝም። መመለስ አያስፈልገውም ነበር፤ ድልድሉን የጻፈው እሱ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው አይኖርም ነበር።

አልጮህኩም። እርስዎ እያልኩ ነው የጨረስኩት። እኔ ሰመራ አልመጣም፤ ኮራሎቹ ይምጡ። አስታምማቸዋለሁ። የሚመለሱት ግን ገንዳው ላይ ድልድሉን የሠራው ማን እንደሆነ ተጽፎ ሲሰቀል ነው። አስብበታለሁ አለ። እርስዎ ያስቡ፣ እነሱ ግን ጊዜ የላቸውም አልኩት። ስልኩን ዘጋ።

እማ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። ያን ሁሉ እርስዎ ከየት አመጣሽው አለችኝ። ከእሷ እንደሆነ ታውቃለች።

ሰኔ 8

ፋጡማ በኮሌጁ መኪና መጣች። የበረዶ ሣጥን ውስጥ፣ ዘጠኝ ኮራሎች። ምን አለ አልኳት። የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ፣ ፊቴን ግን አላየም አለች።

አንዱ ሞቷል። የቀሩት ነጭ ናቸው፣ ግን ነጭ ማለት ሬሳ ማለት አይደለም፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። እማ ዱብቲ የሚሄደውን የሩዝ ጆንያ ገፋ አድርጋ ጥግ ሰጠችኝ። የድሮዋን ትንሿን መብራት በአንድ ትርፍ ገንዳ ላይ ሰቀልኩ። ሰማያዊ ብቻ፣ ደብዘዝ ያለ፣ አጭር ቀን፣ ረጅም ጨለማ። ሕመምተኛ ላይ ፓውዛ አይበራም።

ሰኔ 30፣ ጠዋት

ስድስቱ የእኔ በሕይወት አሉ። ሙሉ ኃይል ላይ ናቸው። ከእንግዶቹ አምስቱ ቡናማ ቀለም እየመለሱ ነው፣ ሁለቱ ያመነታሉ፣ አንዱን አጣሁት። ቀበርኩት ስል እማ አልሳቀችም።

ትናንት ከኮሌጁ መልስ መጣ፣ በፋጡማ በኩል። ውሌ ይታደሳል። ገንዳው ላይም ይጻፋል፦ በዶ/ር እ.፣ በሀያት ረዳትነት። በረዳትነት። ደግሜ አነበብኩት። አጎቴ ሰምቶ፣ የመኪና ረዳት እንኳ ጎማ ሲፈታ እኔ ነኝ የፈታሁት ይላል አለ።

እማ አዋሽ ደወለች፣ ሳልጠይቃት። ልጅቱ አትመጣም፣ ሥራ ይዛለች አለቻቸው። የምን ሥራ ሲሏት ትንሽ አሰበችና፣ ባሕር፣ አለች።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይኸው። ኮሌጁ አልመለስም። ኮራሎቹም በዚያ ጽሑፍ አይመለሱም። ማየት የሚፈልግ ተማሪ ሎጊያ ይምጣ፣ ብስኩት ይግዛ። ድልድሉን ዛሬ በትልቅ ካርቶን ላይ በማርከር ጻፍኩት፣ ስሜን ከላይ። በእኛ ሰዓት። አንዲት ቁጥር አልቀየርኩም። የሱቁ በር ላይ ለጠፍኩት፣ ከመንገድ የሚነበብበት።

ዶክተሩም ከፈለገ ፎቶ ያንሳው።