መስኮት የሌለው ባቡር

ሰበታ፣ መጋቢት 1963 ዓ.ም.

ውድ ወርቅቱ፣

ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልሽ አላውቅም። ነቀምት አብረውሽ ከሚያስተምሩት አንዱ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እንደምታውቂኝ ሰው ፊት አፌ ይታሰራል፤ አሁንም የማላውቀው ሰው ድምፅ በመካከላችን አለ ብዬ ሳስብ እጄ ይከብደኛል። የሚያነቡላት ሰው፣ ቅር እንዳይልዎት። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ብቻ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ።

አጎትሽ ኦቦ መገርሳ ደህና ናቸው። ፈረሳቸው ግን የፊት እግሩን ታሞ ጋሪዋ ከጥቅምት ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ዶሮዎች ያድሩባታል። ጠዋት ጠዋት ከላይዋ ኩሳቸውን እየጠረጉ «ጨረቃ የወጡት ሰዎች ይምጡና ይግዙኝ» ይላሉ። እንደ ድሮው አይስቁም።

ግድግዳችንን ታስታውሺዋለሽ አይደል? እማዬ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ዱቄት በውኃ አፍልታ አሮጌ ጋዜጣ ትለጥፍበታለች። ከጋዜጣው ሥር ደግሞ ነፋስ እንዳያስገባ አንቺ ከትምህርት ቤት የምታመጪላትን ወፍራም ወረቀት ታስቀድማለች። ተማሪዎቹ በጣት የሚነበበውን ነጥብ ነጥቡን ጽፈውበት የጣሉትን። «የወርቅቱ ወረቀት» ነበር የምትለው። «እንደሱ ብርድ የሚመልስ የለም» ትል ነበር።

ክረምት ትምህርት ቤትሽ ሲዘጋ አጎትሽ ጋ ትመጪያለሽ፤ ዝናቡ ሲጀምር እኛ ቤት አልጋው ላይ እንወጣለን፤ እኔም ግድግዳውን አነብልሻለሁ። ራስጌ በኩል ያ ታሪክ ነበር፣ ሐዲድ ሳይኖረው ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚሄደው ባቡር። ክፍል ሦስት በሩ አጠገብ ነው። ክፍል አምስት ጣሪያው ሥር ተዘቅዝቆ ተለጥፏል፤ እሱን ለማንበብ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ አንገቴን አንጠለጥላለሁ። ክፍል አራት የለም። የስድስትን ግማሽ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ሸፍኖታል፤ ሥዕሉን ማንሳት ደግሞ ሁለታችንም ፈራን።

የጎደለውን እኛ ሞላነው። አንቺ ጸሐፊው ላይ ትቆጪ ነበር። ስለ ባቡሩ መብራት ያን ያህል ሲጽፍ ሰው የት እንደሚተኛ፣ ሲያስመልሰው ወዴት እንደሚዞር አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ይሄ ሰውዬ የጅማን አውቶቡስ ተሳፍሮ አያውቅም» አልሽ። «ቢሳፈር ኖሮ መጀመሪያ የሚጽፈው ስለ ማስመለስ ነበር።»

ከዚያ የራሳችንን መሥራት ጀመርን። ወጨጫን የሚወጣ ባለ ስድስት እግር መኪና፣ ጭቃ ሲይዘው ጫማውን አውልቆ የሚራመድ። አዋሽ ሲሞላ በውኃው ሥር ከብት የሚያሻግር ጀልባ። ኦቦ መገርሳ በር ላይ ቆመው ሲሰሙን ይናደዱ ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የኔ ጋሪ ምን አነሰው?»

«መብረር፣ አጎቴ!»

«ቁልቁለት ላይ ትበራለች እኮ! ያን ቀን ልጓሙ ሲበጠስ አላየሽም?»

«አላየሁም» አልሽ። መጀመሪያ አንቺ ሳቅሽ፤ ከዚያ እሳቸው እያፈሩ ሳቁ።

ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ የተባለ ዕለትም አብረን ነበርን። ሐምሌ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ አንገቱን ሲያቀና ሰማዩ ደመና ብቻ። እማዬ አማተበችና «ምን ጠፍቶባቸው ነው?» አለች። አንቺ እጄን ይዘሽ በጆሮዬ «ዛሬ ሁላችንም እኩል ነን» አልሽኝ።

መስኮት የሌለውን ባቡር የሠራሽው በማግስቱ ነው። እኔ አሁንም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። «መስኮት ለምን ያስፈልገዋል? ውጭው ጨለማ ነው ብለሽ አንብበሽልኛል» አልሽ። ተሳፋሪው የት እንደደረሰ በእግሩ ያውቃል። ጨረቃ አጠገብ ሲሆን ወለሉ እንደ ጠዋት ሲሚንቶ ይቀዘቅዛል። ወደ ፀሐይ ሲጠጋ የገብስ ቆሎ ይሸታል። ኮከብ የሌለበት ቦታ ሲያልፍ ደግሞ ምንም አይሰማም፤ ሰዎቹ ያን ጊዜ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ይህን ስትነግሪኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አልነገርኩሽም።

«ሰበታ ላይ ጣቢያ ይኑረው» አልኩሽ።

«ባቡር ሰበታ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«ሰው ሊወስድ።»

«ማንን?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን ታውቂዋለሽ። «እሺ፣ አንዲት ልጅ ጣቢያው ላይ ትቁም። ልብሷን በነጠላ ቋጥራ» አልሽ።

ያቺ ልጅ ማን እንደሆነች ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እማዬ ጎን ጨውና ላምባ ከምሸጥ በቀር የምሄድበት አልነበረኝም። አንቺ ደግሞ አስተማሪ ልትሆኚ ነበር። በመስከረም ወደ ነቀምት ስትነሺ አውቶቡሱ ጋ ጓዝሽን ይዤ ቆሜ የጠየቅኩሽ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጅቷስ? ትሳፈራለች ወይስ ትቀራለች?»

«እሱን ጽፌ እልክልሻለሁ። በራሴ ጽሕፈት፣ ማንም እንዳያነብብን።»

«እኔ እኮ ከስሜ በቀር አልችልም።»

«ከትምህርት ቤቱ ልጆች የአንዷን ጣት ትዋሺያለሽ።» ከዚያ ረዳቱ ጎትቶ አስገባሽ።

ነይ ብለሽ ቃል አልገባሽልኝም። ግን የገባኝ እንዲህ ነው፤ ልጅቷ ከተሳፈረች ቤት አግኝተሻል፣ ነቀምት ነይ ማለትሽ ነው። ከቀረች አልሆነም ማለትሽ ነው።

ጥቅምት አለፈ፣ ገና አለፈ፣ አልጻፍሽም። ወይም እንደዚያ መሰለኝ። በጥር መጨረሻ የሱሉልታ ሰዎች ሽማግሌ እንልካለን ብለው አስታወቁ። ልጁ ተሾመ ይባላል፤ የእህል ወፍጮ አለው። ክፉ ሰው ነው አይሉም። እማዬ አንድ ጊዜ እንዳየው ወስዳኝ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከነቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ቆሟል፤ ሞተሩ መሬቱን ያንቀጠቅጣል። የተናገረኝን አልሰማሁትም፤ እሱም ያልኩትን አልሰማም፤ ያልኩት ነገርም አልነበረም። እግሬ ሥር የነበረው መንቀጥቀጥ ያንቺን ባቡር አስታወሰኝ። ከዚያ ግን ይህ ሞተር ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ የትም እንደማይሄድ አሰብኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ «እኔ አላስገድድሽም። አባትሽ ቢኖር ሌላ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ነው፤ ካልፈለግሽ እስከዚያ በአፍሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ያንቺን መልስ ብቻ እጠብቅ ነበር። የልጅቷ ነገር ከመጣልኝ እናገራለሁ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ወንዝ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ስመለስ ቤቱ እርጥብ ዱቄት ዱቄት ይሸታል። እማዬ ለእንግዶቹ ብላ ግድግዳውን በሙሉ በአዲስ ጋዜጣ ለብጣዋለች። በየእንቁጣጣሹ ለምኜ ያስተረፍኩት ባቡርም ከክፍል ሦስቱ ከክፍል አምስቱ ጋር ከሥር ቀርቷል። እሱስ ይሁን። ምድጃው አጠገብ ግን የተቀደደ ፖስታ አየሁ። በሰው እጅ በቀለም የተጻፈ የእኔ ስም፣ ከሥሩ ያንቺ።

«እማዬ፣ ይሄ መቼ መጣ?»

«ጠዋት ኦቦ መገርሳ ከፖስታ ቤት ይዘውልሽ መጡ። ወርቅቱ እኮ አልረሳችንም! አንድ እጅ የሚሞላ ወረቀት ልካልናለች። ያውም ለዛሬ!»

«የት አለ?»

«ያው፣ ባልጋው በኩል ነፋስ የሚገባበት ላይ ነዋ። ምነው?»

«ደብዳቤ ነበር።»

«የምን ደብዳቤ? ገልብጬ አየሁት፣ አንድ ፊደል የለበትም።»

ወርቅቱ፣ እባክሽ በእማዬ አትዘኚባት። ስንት ዓመት ያንን ወረቀት ለግድግዳ ስታመጪላት ኖረሽ፣ ያን ቀን የመጣው ሌላ መሆኑን በምን ታውቃለች?

በርጥብ ጨርቅ አለስልሼ ከአልጋው ጎን መላጥ ጀመርኩ። ጋዜጣው እየተላጠ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ ወፍራሙ ወረቀት መጣ፤ ከእሱም ሥር ያምናው፣ ከሱም ሥር ያቻምናው። አንዱ ካንዱ ተጣብቋል። እማዬ ዱቄቱ እኩል እንዲይዝ በጠርሙስ ዳምጣዋለች። ጣቴን ባሳልፍበት እንደ ክንዴ ቆዳ ልሙጥ ነው።

እማዬ መጀመሪያ «ነገ ሰው ይመጣል፣ አበድሽ?» ብላ ጮኸች። ከዚያ ፊቴን አየችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇ ላይ ዱቄቱ ደርቋል።

«ምን ትል ነበር?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለማታውቂው ነገር ነው እንዲህ የምታለቅሺው?»

እሑድ ጠዋት፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ፣ የላጥኩትን በነጠላዬ ይዤ ወደ ትምህርት ቤትሽ በር ሮጥኩ። ከማላውቃት ሰው ጋር በራሴ ጀምሬ ስነጋገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ራቢአ የምትባል ልጅ ናት፤ የዘጠኝ ዓመት ብትሆን ነው። አጥሩ ሥር ተቀምጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እኔ ጣቷን ብቻ አያለሁ።

«እዚህ ጋ ሰባት ሲባዛ በስምንት ይላል።»

«ሌላውስ?»

«ይሄ … ላም ሣር ትበላለች።» ሳቀች። «ይሄ የኛ መልመጃ ነው እኮ!»

«ይሄኛውስ?»

ጣቷን ወሰደች፣ መለሰች፣ እንደገና ወሰደች። «ይሄ ለስላሳ ነው» አለችኝ። «ምንም የለበትም። የጻፈው ሰው ተኝቶበታል እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የላጥኩት ቦታ ላይ ጀርባዬን ደግፌ ተቀምጫለሁ፤ እማዬ ቀዳዳውን በጋቢ ሸፍናዋለች። ከመግባታቸው በፊት መጋረጃውን ገልጣ አየችኝ። ጠየቀችኝ እኮ፣ ወርቅቱ። በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ ጊዜም ሰጠችኝ። አንገቴን ደፋሁ። መጋረጃውን መለሰችና «እሺ ብላለች» ስትላቸው ሰማሁ።

ወረቀቱን እማዬ አጥፍታዋለች፤ አፌን ግን ማንም አልለጠፈብኝም።

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ይህ ደብዳቤ ነቀምት ደርሶ መልስሽ እስኪመጣ እኔ ሱሉልታ እገባለሁ። ስለዚህ የልጅቷን ነገር እንደገና ጻፊልኝ አልልሽም። ተሳፈረች ብለሽ ከነበረ አሁን ማወቁን አልችለውም። ቀረች ብለሽ ከነበረም እንዲሁ። እኔው ጨርሼዋለሁ። የሚያነቡላት ሰው፣ ድምፅዎን ዝቅ የሚያደርጉልኝ እዚህ ጋ ነው።

ልጅቷ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ሰበታ ጣቢያ ላይ ቆመች። ብዙ ቆመች። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፤ ከሩቅ ብርሃን ይመጣል፣ መስኮቶቹ ሲያበሩ አያለሁ ብላ ትጠብቃለች። ብርሃን አልመጣም። ሲደክማት አጠገቧ ያለውን ግድግዳ ተደገፈች። ግድግዳው ትንሽ ይሞቃል፣ ትንሽም ይንቀጠቀጣል። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ሸክሟን እግሯ ሥር አስቀምጣ መንገዱን ማየት ቀጠለች። ግድግዳው ከጀርባዋ ቀስ ብሎ ሲሸሽ ነው ባቡሩ መሆኑ የገባት። መስኮት እንደሌለው ታውቅ ነበር እኮ! ከሰው ሁሉ እሷ ታውቅ ነበር።

ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝም።

ለኦቦ መገርሳ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ማል ጎና፣ ምን እናድርግ» አሉ። ከዚያ «ፈረሱ ቢድን እኔ ራሴ ነቀምት አደርስሽ ነበር» አሉኝ። ቀልድ መሆን አለበት፤ ግን ሁለታችንም ዞረን ፈረሱን አየነው።

አንድ ነገር ቃል ልግባልሽ። ሙሽራዋን የሚወስደው መኪና የሰው ነው፣ መስኮትም አለው አሉ። እኔ ግን ከዚህ እስከ ሱሉልታ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ባቡሩ ሰዎች መንገዱን በእግሬ እየሰማሁ ነው የምሄደው። ዓለም ገና ላይ ወለሉ ምን እንደሚል፣ አዲስ አበባ ሲገባ፣ እንጦጦን ሲወጣ ብርዱ ከየት እንደሚጀምር፣ ሁሉንም ይዤልሽ እጽፍልሻለሁ። ሙሽራ ዓይኗን ብትጨፍን አፍራ ነው ይላሉ፤ ማንም አይጠይቀኝም።

ከታች ያለውን የሚያነብልሽ ሰው አይችለውም። ጣትሽን አምጪ። በብርቱካን እሾህ፣ እንዳሳየሽኝ ከጀርባ ጀምሬ ከቀኝ ወደ ግራ ወግቼዋለሁ። ሌላ ነገር ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን ያስተማርሽኝ ፊደል ከስሜ አያልፍም። ፖስታውን ከባድ ዕቃ እንዳይጫኑበት ለፖስታ ቤቱ ሰውዬ ነግሬዋለሁ። በራሴ አፍ ነገርኩት።

አትክልት