ከቅሬው የተሰረዘው ዶክተር

ጥቅምት 6

ስምንት ተማሪ ይዤ ቦሩ ሜዳ ዋልኩ። በሚኒባስ፣ ተጣብበን። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የማስተምረው አንድ ነገር ነው… ሰው ቤት እንዴት ይገባል። በር ላይ ቁም። ሰላምታህን ጨርስ። ልጁን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቅ። የመጣህበትን ጉዳይ ባለቤቱ ሳይጠይቅህ አታውጣ።

ጸጋው የሚባለው ረዥሙ ልጅ የአንዱን ገበሬ ደጃፍ እንደረገጠ "ስለ ጌታ ልነግርዎ…" ብሎ ጀመረ። በኮቱ ጎትቼ አስወጣሁት። ግባ እንደገና! አራት ጊዜ አስገባሁት። ገበሬው ሳቀ።

"ተወው በአላህ! በሬም በዚህ ልክ አይገራም።"

ስንመለስ ስለ ቅሬ ነገርኳቸው። የሰፈሩ ሰው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል የሚቀባበርበት ማኅበር። ሰፈሩ ሲቀብር ዶማ ያልያዘ፣ ወንጌል ይዞ ቢመጣ ማን ይሰማዋል? እኔ የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ነኝ፤ የምለውን አውቃለሁ።

እኔ እናገራለሁ፣ ወለላ ትጽፋለች። ሚስቴ ብትሆንም ያልኩትን ብቻ ጻፊ ብያታለሁ።

ጥቅምት 11

አዲሱ ዲን ጠራኝ። ዶክተር አሞጽ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣ። ጥሩ ነው አልኩ።

"ጋሽ ብሩ፣ ኮሌጁ ዕውቅና እንዲያገኝ አስተማሪ ሁሉ ዲግሪ ያስፈልገዋል። የእርስዎን ትምህርት እኔ ራሴ እይዘዋለሁ።"

"ቦሩ ሜዳን ታውቀዋለህ?"

"ትምህርቱ አሁን ስም አለው። የባህል ብልህነትና አገልጋይ መሪነት ይባላል። ተምሬዋለሁ።"

ወረቀት ገፋልኝ። መሰናበቻ። ፈርሙ አለ… በምን? የቀለም ሳጥን አስመጣና አውራ ጣቴን ራሱ ይዞ ጫነው። ተማሪዎች በመስኮት እያዩ። ጣቴን ይዞ! እንደ ሕፃን!

ጥቅምት 12

ቀለሙ አልለቀቀም። በአመድ ፈተግኩት። አልለቀቀም።

ጥቅምት 25

ጸጋው መጣ። አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ ይዟል፤ ኮምቦልቻ ነው የታተመው። አንብብልኝ አልኩት።

"በር ላይ ቁም። ሰላምታህን ጨርስ። ልጁን፣ ከብቱን…"

የኔ ቃል! አንድ ሳይጎድል።

"ማን ጻፈው ይላል?"

"ዶክተር አሞጽ ይላል፣ ጋሼ።"

"የኔ ስምስ?"

እስከ መጨረሻው ገለጠ። "'ከአካባቢው ሽማግሌዎች የተገኘ' ይላል።"

"ስንት ሽማግሌ ነኝ እኔ?" አልኩት። ሳቁን ዋጠ።

ስለ ቅሬስ? አልኩት። ስለ ቅሬ ምንም የለም አለ። ዶማውን ዘሎታል… እሰይ! ባለፈው ሳምንት በጸሎት ቤት የተማሪ እግር አጠበ አሉኝ፣ ፎቶ አንሺ አቁሞ። እግር ማጠብ ቀላል ነው። ውሃው ሞቅ ያለ ነው።

"በቀል የእኔ ነው" ይላል ጌታ። አውቃለሁ። ጌታ ሥራ ይበዛበታል፤ አግዘዋለሁ።

ኅዳር 3

የጎረቤታችን የሸሪፋ ባል ሁዘይፋ አረፈ። በማለዳ ጥሩምባዬን ነፋሁ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ። አሞጽ ሲመጣ በቅሬው ተመዝግቧል፤ አልወጣም። በመኪና ዳቦና የታሸገ ውሃ ላከ። ደብዳቤም ጨምሮ! አዲስ አበባ ቀብር እንደዚያ ይሆን ይሆናል። እዚህ ግን ማንም አልነካውም፤ ዳቦው እዚያው መቃብሩ ተራራ ላይ ፀሐይ መታው።

የቅሬው ዳኛ ሙሄዲን፣ አርባ ዓመት ጎረቤቴ፣ ጠጋ አለኝ።

"ብሩ፣ ያንተ ሰው ነው። ንገረው እንጂ። ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል፤ አያውቅ ይሆናል።"

"እነግረዋለሁ" አልኩ።

አልነግረውም።

ኅዳር 19

ሁለተኛ ቀብር። አሁንም ዳቦ። ሙሄዲን ተቆጣ።

"አልነገርከውም እንዴ?"

"ነገርኩት። 'ዶማ የኔ ሥራ አይደለም' አለኝ።"

"ያረቢ! እንዲህ አለ?"

"በወንጌሉ" አልኩ።

አፌ ነው ያለው። አንዴ ከወጣ በኋላ ምን ይደረጋል? ወለላ ብዕሩን አስቀመጠች። "ይህን አልጽፍም" አለች። የኔ ነው፣ ጻፊ አልኳት። ስትጽፍ እጇ ጠንክሯል… የብዕሩ ድምፅ ይሰማኛል።

ታኅሣሥ 8

ሦስተኛውንም ቀብር ቀረ። ተሰረዘ! ሙሄዲን "አንተ አስታውቀው" አለኝ። እሺ አልኩ። እራቴን በደንብ በላሁ።

ታኅሣሥ 15

በኮሌጁ አጥር በኩል ሳልፍ የአሞጽ እናት፣ እትዬ ያልጋነሽ፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከልጃቸው ጋር ነው የመጡት። ደረታቸውን ያማቸዋል። ቁጭ በል አሉኝ። ቁጭ አልኩ… ትልቅ ሰው ሲጠራ እምቢ አይባልም።

"አንተም ፊደል አልቆጠርክም አሉኝ።"

"አልቆጠርኩም።"

"እኔም። ያ ልጄ ማንበብ እንጂ መጠየቅ አልተማረም። ምን ላርገው ብለህ ነው… እኔ ነኝ ያሳደግኩት።" ሳቁ፣ ሳሉ። "እዚህ ብሞት ማን ያውቀኛል ወንድሜ?"

"ቅሬ አለ" አልኩ።

ለምን አልኩ? ወለላ፣ ለምን እንዳልኩ አላውቅም ብለሽ ጻፊ።

ጥር 3

የትናንቱን ነው የማጽፈው። ትናንት ወለላ አልጽፍልህም ብላ ነበር።

ገና ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። አሞጽ። ባዶ እግሩን ነው፣ ጫማ ረስቷል።

"ጋሽ ብሩ… እማዬ… ጥሩምባውን የሚነፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ።"

ሁለት ወር ሙሉ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር።

"ከቅሬው ተሰርዘሃል።"

"መቼ? ማን ነገረኝ?"

"ማንን ጠየቅህ?"

ደጃፉን ያዘ። ፊቱ አመድ መስሏል። "በዳቦው ነው? የላክሁት አነሰ?" አለ። ዳቦ! አሁንም ዳቦ! በሩን ዘጋሁት። ጣፋጭ ነበር፣ አልዋሽም። እንደ ማር ነበር።

ዘወር ስል ወለላ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃለች። አላየችኝም። ወጣች።

ቤት ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ይሸከማት እስቲ ብቻውን አልኩ። ይቆፍር በዲግሪው። ኮምቦልቻ ላሉ ምእመናን ደውሏል፤ እነሱ ዳገቱን ወጥተው እስኪደርሱ ፀሐይ ይበረታል። ጥሩምባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አላየሁትም። አየሁት። አላወረድኩትም።

ሦስት ሰዓት ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። በመስኮት ሳይ… ሙሄዲን ከፊት። ከኋላው ቅሬው በሙሉ፣ ዶማው፣ ቃሬዛው። ከጎኑ ያ ረዥሙ ጸጋው!

ኋላ ሰማሁ። ጸጋው በማለዳ ሙሄዲን በር ላይ ሄዶ ቆመ። ሰላምታውን ጨረሰ። ልጁን ጠየቀ፣ ከብቱን ጠየቀ። እንባው እየወረደ ዝናቡን ጠየቀ! ሙሄዲን "ምን ሆነህ መጣህ ልጄ?" እስኪለው ጠበቀ። የዶክተሩ እናት ማረፋቸውን ያን ጊዜ ተናገረ። ማነው ያስተማረህ አለው ሙሄዲን። "ጋሽ ብሩ" አለ።

እኔ! በገዛ እጄ!

ተማሪዎቹም ከቅሬው ጋር እኩል ቆፈሩ አሉ። ሙሄዲን ከቀብር ሲመለስ መጣ። አልገባም። በር ላይ ቆመ። ሰላምታም የለ።

"ዶክተሩን ጠየቅሁት። ምንም አልነገርከውም። በመጽሐፍህ ማልህልኝ ብሩ፣ እኔም አመንኩህ… እኔ ራሴ በሰው መጽሐፍ በሐሰት የማልኩ ያህል አፈርኩ። ከሰፈሩ ወንድ ዛሬ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።"

ዶማውን በትከሻው አድርጎ ሄደ።

ጥር 9

ቅሬው ተቀመጠ። አሞጽ በጥቁር ልብስ ጥግ ላይ ነው። ሙሄዲን "ምን ይካስህ?" ብሎ ጠየቀው። አንገቱን ደፋ። አሁን ይለቀኛል፣ ወይ ይሰቅለኛል አልኩ። እኔ ብሆን እሰቅል ነበር።

"ቢነገረኝ እመጣ ነበር። ይህን ብቻ ይወቁልኝ" አለ።

ሌላ ምንም አልጠየቀም። ይኼ ይብሳል! ቢሰድበኝ በስድብ እመልስ ነበር። ምንም የሚመለስ አልተወልኝም።

ፍርዱን ሙሄዲን ሰጠ። ጥሩምባው ለሰፈራችን ልጅ ለጁነይድ። የሚቀጥለውን መቃብር እኔና አሞጽ ብቻ እንቆፍራለን፤ ሌላ ሰው ዶማ አይነካም።

"ከእሱ ጋር?" አልኩ።

"ከእሱ ጋር። ጉድጓድ ውስጥ መሸሻ የለም።"

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የካቲት 14

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እንየው አረፈ። ጁነይድ ነፋ። አነፋፉ አይረባም።

ፍርዳችን ደረሰ። አሞጽ ኮቱን አወለቀ፣ ጀመረ። ዶማውን እንደ እስክሪብቶ ነው የሚይዘው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መዳፉ ውሃ ቋጠረ። አየሁ። ደስ አለኝ። ይቁሰል።

"እንዴት ነው የሚያዘው ጋሽ ብሩ?"

መቆፈሬን ቀጠልኩ።

"እባክዎ፣ አላውቀውም።"

አላውቀውም አለ። ከዚያ አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

"የኋላ እጅህን ዝቅ አድርግ። በራሱ ክብደት ይውረድ፤ አትታገለው።"

ዝቅ አደረገ። ተሻለ።

"በወንጌሉ ምዬ ነው የዋሸሁብህ" አልኩት፣ ቀና ሳልል።

"ነግረውኛል።" አንድ ሁለቴ ቆፈረ። "መጽሐፉ ላይ ስምዎን አስገባዋለሁ።"

"እኔ አላነበውም። ያንተን አውጣ።"

"አወጣዋለሁ" አለ።

በቃ እንዲህ… ክርክር እንኳ አልሰጠኝም።

ልኩ ላይ ደረስን። "አይበቃም?" አለ። ገና ነው አልኩት። ይበቃ ነበር። ወገቡ እስኪቆረጥ ላየው ፈልጌ ነው። ቆፈርን። ደረት አለፈ። ገና ነው አልኩ። እሱ አልወደቀም። የኔ ወገብ ነው የተቆረጠ።

መጀመሪያ እሱ ወጣ። ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። አልያዝኩም። አፈሩን ይዤ ለመውጣት ሞከርኩ፤ ተናደብኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ከላይ ሙሄዲን ቆሞ ያያል። አሞጽ እጁን አላጠፈም።

ያዝኩት። ምን ላድርግ? ጉድጓዱን ያን ያህል ያጠለቅሁት ራሴ ነኝ።