አራት ወር ለጎደለው ወኪል የተቸረ ደግነት

ለተከበሩ የፈጠራ መብት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅቡቲ

ክቡር ሆይ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ አንድ ቀን እንኳ ሳይታመም፣ እርስዎም በሙሉ ጤንነት ከነወንበርዎ እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ተክለወልድ እባላለሁ፤ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር የምኖር፣ በአንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ሰነድ የማዘጋጅ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ነኝ። የፈጠራ መብት ወኪል ለመሆን ስደክም ላሳዩኝ ደግነት በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ደንብዎ የምህንድስና ዲግሪ፣ ፈተናና በተመዘገበ ወኪል ሥር የሁለት ዓመት ልምምድ ይጠይቃል። ፈተናውን መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ብቻዬን ተፈተንኩ። ተቆጣጣሪው ከጎረቤት እንዳልኮርጅ ሲያስጠነቅቀኝ፣ የሌለኝን ጎረቤት ስላሰበልኝ ሆዴ ባባ።

ሁለተኛ፣ በከተማው የተመዘገቡት ብቸኛ ወኪል፣ መምህሬ ሐጂ ዓብዱሰመድ፣ ልምምዴ ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው አረፉ። የፈጣሪዎችን ማመልከቻ ስንጽፍ «ክዳን» እንበል ወይስ «መሸፈኛ» እያልን በአንዲት ቃል ስንሟገት የምንውል ሰዎች ነበርን። ከለቅሶው መልስ ቢሮዎ ብመጣ፣ «የቀረህን ሌላ የተመዘገበ ወኪል ዘንድ ጨርስ» ተባልኩ። ሌላ አለመኖሩን ያላነሱብኝ፣ ሐዘኔን ላለማባባስ መሆኑ ገብቶኛል።

ሦስተኛ፣ ሄሮን ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖረው ቡርቱካን፣ እጇ በሥራ ሲያዝ በእግሯ እየረገጠች ከበርሜል ውሃ የምትቀዳበት መሣሪያ ፈጥራለች። ማመልከቻዋን ከሐጂ ጋር ጀምረንላት ነበር። «ወንድም ተክሌ፣ ማዳም ለእንግዳ ሁሉ ልታሳየው ነው፤ ሰው ቢቀድመኝስ?» አለችኝ። ስለ እሷ መፈረም በደንብዎ ተከልክያለሁ፤ የደንበኛ ምስጢር ነውና ጭንቀቴንም ለማንም ማካፈል አልችልም። ስለዚህ ሦስት ዓርብ ቤቴን ዘግቼ በፈረንሳይኛ ጻፍኩላት። እሷም በስሟ ፈርማ፣ ከማዳም የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምና፣ ራሷ አስገባችው።

«ወንድም ተክሌ፣ ተቀበሉኝ እኮ!» ብላ ደውላ አለቀሰች። ስልኩን ስዘጋ ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈለግሁ፤ ጣቴ የሐጂን ቁጥር ደውሎ ነበር። ጥቂት ጠራና ተቋረጠ።

የመምህሩን ሞት አራት ወር ማዘግየት ሳይችል ለቀረው አመልካችዎ ላሳዩት ትዕግሥት ደግሜ እጅ እየነሳሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣

ተክለወልድ፣ የሃያ ወር ወኪል

ማስታወሻ፦ ማመልከቻውን የተቀበሏት ሠራተኛዎ፣ «ይህን የጻፈልሽ ማን ነው? እኛ እኮ ያጣነው እንዲህ ያለ ወኪል ነው» ብለዋታል። ቢፈልጉኝ፣ አድራሻዬ ውድቅ ባደረጉት የእኔ የወኪልነት ማመልከቻ ላይ በግልጽ ተጽፏል።