«እሺ እማዬ፣ እንዳልሽው»

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ
ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሙስዓብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ውድ ያልኩህ ታናሽ ወንድሜ ስለሆንክ ነው፤ ዛሬ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ንዴቴ ይበርድልኝ እንደሆነ ብዬ ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩ፤ አልበረደም። ቮይስ እንዳልልክልህ ጆሮህ ላይ ሰክተኸው ጆሃንስበርግ ሱቅህ ውስጥ ዕቃ ትደረድርበታለህ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከረመዳን በፊት በጓደኛህ በሙዓዝ እጅ አዲስ ስልክና ገመድ አልባ ኤርፎን ስትልክልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልክድም። ለራስህም ያንኑ ዓይነት እንደገዛህ ነገርከኝ። «አራዳ ተወልደሽ አራዳ ሳትሆኚ ልትቀሪ ነው እንዴ፣ ጣይው ያንን ገመድ» ብለህ ሳቅክብኝ። ያ ገመድ ግን ሥራ ነበረው። አንተ ስትደውል አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እማዬ ጆሮ ላይ ሰክተን፣ በሱቃችን ባንኮኒ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን ነበር የምንሰማህ። አንተም በዚያ በኩል ገመዱ ከዕቃው ጋር እየተጠላለፈ ስለሚያስቸግርህ ሥራህን ትተህ ትቀመጥ ነበር። ስታዳምጥ ትንፋሽህ ሳይቀር ይሰማን ነበር።

አዲሱ ስልክ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። እማዬ ያቺን ባቄላ የምታህል ነገር አንድ ቀን ሞከረቻት፤ ከሂጃቧ ሥር ሾልካ የልብስ ቁልፍ ካርቶን ውስጥ ወደቀችባት። ከዚያ ወዲያ አልነካም አለች። አሮጌውን ስልኬን ወስዳ ለብቻዋ ትደውልልህ ጀመር።

ለምን ቶሎ ቶሎ እንደምትደውል ታውቃለህ፤ ወይም ማወቅ ነበረብህ። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ጎረቤቶቿ አንዷ አቃቂ፣ አንዷ ለሚ ኩራ ሆነው ቀርተዋል። ከድሮ ሰው የቀረቻት ልብስ ሰፊዋ አሰፋች ብቻ ናት። እኔ ስለ ዚፕና ስለ ገበር ከደንበኛ ጋር ስከራከር እውላለሁ። የሚያዳምጣት አንተ ነበርክ። ማለቴ፣ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ፣ የዓረፋ ማግስት፣ ሱቅ ነበርን። ለአሰፋች ላስቲክ እየለካሁላት ሳለ ቮይስህ ገባ። አንዷን ኤርፎን ሰክቼ ከፈትኩት። ቻርጇ አልቆ ኖሯል፤ ድምፅህ ባንኮኒው ላይ ካስቀመጥኩት ስልክ ወጥቶ ሱቁን ሞላው። በገመዱ ቢሆን ይህ አይደርስብኝም ነበር።

ያልከውን ረስተኸው ከሆነ እንደወረደ ልጻፍልህ። «ካሚላ፣ እማዬን እስቲ ደወል ቀንሺ በያት። ደግነቱ እኔ መላ አግኝቼለታለሁ። ኤርፎኑን ሰክቼ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ሥራዬን እሠራለሁ። አልፎ አልፎ ‹እሺ እማዬ፣ እንዳልሽው› ስላት ደስ ብሏት ትዘጋዋለች።» ከዚያ ሳቅክ። ላስቲኩን ጥዬ ስልኩን እስካጠፋው ድረስ ሳቅህም ተሰማ።

አሰፋች መሬት መሬቱን ታይ ጀመር። እማዬ ቁልፍ እየለየች ነበር፤ ጥቁሩን ለብቻ፣ ቡናማውን ለብቻ። እጇን አላቆመችም። ቆይታ ቀና አለችና፣ «ከፆም ፍቺ በኋላ የነገርኩትንም አልሰማኝም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምን እንደነገረችህ ስጠይቃት ቁልፎቹ ላይ አቀረቀረች። የመለሰችልኝ አሰፋች ናት። እማዬ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ኖሮ፣ እኔን ላለማስደንገጥ አሰፋችን ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳለች። ናሙና ወስደው ካንሰር ነው፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል ብለዋታል። ቀን ሳታስቆርጥ ተመልሳ ለአንተ ደወለች። አጠገቧ ለምውለው ለእኔ ሳይሆን ለአንተ፤ ከአባዬ በኋላ የቤቱ ወንድ አንተ ነህና።

«መቆረጡን ፈርቻለሁ፣ ለአላህ ብተወውስ ምን ትላለህ አልኩት» አለችኝ እማዬ። «እሺ እማዬ፣ እንዳልሽው አለኝ። ድምፁም ደስ ያለው ይመስል ነበር። እሱ ካልሰጋ እኔ ምን አሰጋኝ ብዬ ተውኩት።»

ይህንን ደግመህ አንብበው። ሚያዝያንም ግንቦትንም በአንተ «እሺ» ተቀምጣለች።

ሰኞ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ እስካሁን ለምን እንደቆየች ጠየቀቻት። እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ልጄን እያማከርኩ ነበር» አለች። ሐኪሟ ልጅሽ ታዲያ ምን አለ ስትላት፣ እንድታከም ይፈልጋል፣ ሥራ በዝቶበት ነው ብላ ሸፈነችልህ። እብጠቱ አድጓል፤ ወደ ብብቷም ሄዷል። ኦፕራሲዮኑ የፊታችን ሐሙስ ነው። ሐኪሟን ለብቻዋ አግኝቼ ትድናለች ወይ አልኳት። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው፣ የምንችለውን እናደርጋለን አለችኝ።

ትናንት ደግሞ ሌላ ቮይስ ላክህ፤ እማዬ ምነው ጠፋች፣ ኔትወርክ ነው ወይ ብለህ። ኔትወርክ አይደለም፣ ሙስዓብ። ስልኩ አጠገቧ ነው፣ ካርድም አለው። ልጁን ሥራ አላስፈታውም ብላ ነው። ለእኔም ወሬ ቀንሳብኛለች፤ ስጠይቃት ብቻ ነው የምትመልሰው። በአሰፋች ፊት እንኳ ያ ጨዋታዋ ጠፍቷል። እንዲህ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም።

አዲሱን ስልክም ኤርፎኑንም በሙዓዝ እጅ መልሼልሃለሁ። ነገ ይበራል፤ ሰኞ ይህ ደብዳቤ እጅህ ይገባል። ሱቅህን ዝጋና ከሐሙስ በፊት ደውልላት። እኔን ይቅርታ በመጠየቅ ጊዜህን አታጥፋ። ምን እንደፈራች ጠይቃት፤ ከዚያ እስክትጨርስ ስማት። ብታለቅስ አትቁረጣት።

ስጽፍ አይታኝ ስለ ሕመሟ አንዳች እንዳልነግርህ ለምናኛለች፤ በሰው አገር ብቻውን ነው፣ ይደነግጣል ብላ። ልመናዋን አልተቀበልኩም። ሙዓዝ የሚያደርስልህን ሚጥሚጣና ቅቤ የቋጠረችው እሷ ናት፤ በእኔ ቢሆን ባዶ እጁን ነበር የሚመጣው። ምርቃቷንም አንድ ቃል ሳላጎድል እንድጽፍልህ አዛኛለች። ከእኔ ምርቃት አትጠብቅ። የእሷ ይኸውልህ፦

«አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ። በሄድክበት ይቅናህ። ክፉ ወሬ አያሰማህ።»

እኅትህ ካሚላ