ከግንቦት 24 እስከ 27 በሮቤ ስለ ዘነበው እኩል ዝናብ

ለክቡር ግራዝማች ተክለማርያም
የዝናብ መዝገብና የዘር እህል እደላ ክፍል ሹም
ጎባ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ደጋ ምንጭ ሳይደፈርስ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ የቢሮዎ ምድጃም በዚህ በሐምሌ ብርድ ሳይጠፋ ይህች ደብዳቤ ታገኝዎ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ሮቤ ግቢዬ ውስጥ ከተተከለው የዝናብ መለኪያ ጠዋት ጠዋት የወረደውን ውሃ እያነበብኩ ለክፍልዎ የምልክ፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላኝ፣ ጥርሴ ቢያልቅም ምላሴ ያላለቀ ታዛዥዎ በየነ ነኝ።

ለጎረቤቴ ለሙለታ በላኩት መልስ፣ በግንቦት ወር ሮቤ ላይ የዘነበው ካለፉት አሥር ዓመታት ግንቦት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በቀን በአማካይ ከሁለት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ሰብል የሚያጠፋ በረዶ ወርዷል ለማለት እንደማይቻልና የዘር ገብስም እንደማይሰጠው ገልጸዋል። ሙለታ ማንበብ ስለማይችል ያነበብኩለት እኔ ነኝ። እሑድ ግንቦት 26 ከሰዓት በኋላ፣ እሸት ሊሆን የተቃረበ ገብሱን በረዶው ከጭቃ ጋር ሲደባልቀው ቆሞ ያየ ሰው፣ ደብዳቤዎን ሰምቶ ሲያበቃ «እንግዲያ የተሳሳትኩት እኔ ነኛ» ብሎ ሄደ። ሰው የገዛ ዓይኑን እንዳያምን በአንድ ገጽ ስላስተማሩልን እናመሰግናለን።

የልጅ ልጄ እኅተማርያም አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርስቲ ገብታ ሒሳብ ታጠናለች፤ አሁን ለክረምት መጥታ ከእኔ ጋር ናት። እሷ እንደምትለው፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቁጥር እየሰጠ የሚሄድ ነገር ፋንክሽን ይባላል፤ የአንድ ወር ዝናብ በወረቀት ላይ ሲሳል የሚወጣው መስመር እንዲህ ያለ ነው። አዋቂዎቹ ታዲያ ያን ሙሉ መስመር እንደ አንዲት ጎጆ ይቆጥሩትና መስመሮች ሁሉ የሚኖሩበት ሠፈር ይሠሩለታል። ሠፈር ካለ ከጎጆ ጎጆ ርቀት አለ፤ ርቀት ደግሞ ሕግ አለው። ሕጉን ስሰማ ክፍልዎ ትዝ ስላለኝ ይቅርታዎን እየለመንኩ አቤቱታዬን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከእኔ እስከ እርስዎ ያለው ርቀት ከእርስዎ እስከ እኔ ካለው ጋር እኩል ነው ይላል። ሙለታ ለዚህ ጉዳይ ከሮቤ ጎባ አምስት ጊዜ በእግሩ ተመላልሷል፤ ከጎባ ሮቤ መጥቶ ማሳውን ያየ ግን ስለሌለ፣ መንገዱ በእርስዎ በኩል ይረዝም እንደሆነ ቢያስለኩልን።

2ኛ/ በሦስተኛ ቦታ ዞሮ መሄድ መንገድ አያሳጥርም ይላል። ከሮቤ ጎባ የላክነውን ማመልከቻ ለአንድ ማኅተም ጊኒር ድረስ አዙረው ሕጉን በተግባር ስላረጋገጡልን ምስጋናችን የላቀ ነው።

3ኛ/ እርስ በርሳቸው እየተቀራረቡ የሚሄዱ መስመሮች ሁሉ መድረሻቸው እዚያው ሠፈር ውስጥ ከተገኘ ሠፈሩ ሙሉ ነው ይባላል። «ጉዳዩ ሊያልቅ ነው»፣ «ሊያልቅ ተቃርቧል»፣ «እጅግ ተቃርቧል» የሚሉት ሦስት ደብዳቤዎችዎ ሲቀራረቡ ከርመው የሚደርሱበት ዘር በጎተራዎ ስላልተገኘ፣ እኅተማርያም ቢሮዎን ጎደሎ ብላዋለች። እኔ እንኳ በአክብሮት «ጠበብ ያለ» እንድትለው መክሬያት ነበር።

4ኛ/ ዋናው ይኸው ነው። የሁለት መስመሮችን ርቀት መለኪያው አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው፣ ክፍልዎ እንደሚያደርገው፣ የየቀኑን ልዩነት ደምሮ ለቀኖቹ ማካፈል ነው። ሌላው፣ መስመሮቹ ከሁሉ አብልጠው የተራራቁበትን አንዱን ቀን ፈልጎ እዚያው ላይ መለካት ነው። በፊተኛው የተነካኩ የሚመስሉ መስመሮች በኋለኛው እንደ ሮቤና ዲንሾ ይራራቃሉ። ገብስ ደግሞ በአማካይ አይሞትም፤ በአንድ ከሰዓት ይሞታል።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ደረቴን ነፍቼ ልዘጋ ነበር። እኅተማርያም ግን «ታዲያ ያን አንዱን ቀን እናሳያቸው» ብላ መዝገቤን ገለጠች። ግንቦት 24፣ አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር። 25፣ አሥራ ስምንት። 26፣ አሥራ ስምንት። 27፣ አሥራ ስምንት። ጣቷን ከአንዱ አሥራ ስምንት ወደ ሌላው አሳለፈችና «አባባ፣ ሰማዩ በጣሳ እየሰፈረ ነበር እንዴ የሚሰጠው?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፤ በእነዚያ አራት ቀናት ሮቤ አልነበርኩም። ጊኒር፣ የወዳጄ የአብዶ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ስመለስ መለኪያው ሰባ ሁለት ሚሊ ሜትር ይዞ ጠበቀኝ፤ እንዳለ ብጽፈው መቅረቴ ሊታወቅ ነው፤ ስለዚህ ለአራት አካፈልኩት። አንዲት ጠብታ አልሰረቅሁም፤ ድምሩ ልክ ነው። የጠፋው በረዶው ብቻ ነው። እርስዎ ለሠላሳ ቀን ከማካፈልዎ በፊት እኔ ሥራውን ጀምሬልዎ ነበር።

ያን ያካፈልኩበት ቀለም ሳይደርቅ ሙለታ አጥሬ ጋ ቆሞ «ኦቦ በየነ፣ መዝገቡ በእርስዎ እጅ ስለሆነ አልሰጋም» አለኝ። እኔም «አትስጋ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ አጥር በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

ስለዚህ መለኪያውንና «ለጥንቁቅ መዝጋቢ» ተብሎ የተሰጠኝን የምስጋና ወረቀት ተረክበው፣ ጎረቤት ሁሉ እንደሚመሰክረው የዘነበው በዚያች ዕለት ብቻ ነውና መዝገቡን «ግንቦት 26፣ ሰባ ሁለት» ብለው አርመው፣ ዘሩን መዝሪያው ሳያልፍ ለሙለታ እንዲያደርሱለት እለምናለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ዛሬውኑ እኔው ራሴ አነብለታለሁ።

ከደጅዎ አምስት ጊዜ የተመለሰ ጎረቤት ያለኝ፣ እኔም አንድ ጊዜ «አትስጋ» ብዬ የመለስኩት፣ በጥፋቴ እርስዎን የማልበልጥ ታዛዥዎ፣

በየነ ሠርከአዲስ
ሮቤ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1965 ዓ.ም.
ግልባጭ፦ ለሮቤ ወፍጮ ቤት በር

ማስታወሻ፦ አንድ ሕግ ዘልያለሁ። በመካከላቸው ምንም ርቀት የሌለ ሁለት ነገሮች አንድ ናቸው ይላል። በመዝገቡ ጠርዝ ላይ «ግንቦት 26 ቀን ሮቤ በአካል ተገኝቼ መለኪያውን መርምሬያለሁ» የሚል ፊርማዎ አለ። በዚያው ዕለት ግን ጊኒር፣ በአብዶ የሠርግ ድንኳን፣ ለክርስቲያን እንግዶች ተለይቶ ከታረደው ሙክት ጎድን ሲቆርጡ ቢላዋውን ያቀበልኩዎ እኔ ነበርኩ። እኔ ጥፋቴን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጥፌያለሁ፤ ከጎኑ ለእርስዎ የሚበቃ ቦታ ትቻለሁ።