ጠርዙን ያጠፍኩት ሰሌዳ

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለሰልሰቢል፣ ባሕር ዳር።

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርመሻል? ያንቺ ጤና፣ የባልሽ የኢርፋን ጤና፣ የትንሿ ሉብና ጥርስ እንዴት ነው? አያቷን ካሚላን ከመሰለች ይሄኔ ሁላችሁንም ነክሳ ጨርሳለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ያው ነው፤ ምላሴ ግን ከባለፈው ማክሰኞ ወዲህ ዝም ብሏል። በስልክ ብነግርሽ እየቀለድኩ አመልጥ ነበርና ነው የጻፍኩልሽ።

ከሸራ ጀልባሽ ሆድ ስር ወደ ውሃው የሚወርደው የብረት ሰሌዳ ድንጋይ መትቶት ለሁለት ሲሰበር ስብርባሪውን በአውቶቡስ ላክሽልኝ። «ጋሼ፣ ልክ እንደዚሁ አድርገው ይሥሩልኝ፤ ያለሱ ነፋስ ሲመጣ ጀልባው ወደ ጎን ይንሸራተታል» ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን «የእህቴ ልጅ በር ልካለች፤ ቤቱ በሚቀጥለው አውቶቡስ ይመጣል» እያልኩ ምን አለሽ ተራን ሳስቅ ዋልኩ። ዳርና ዳሩ ሳስቶ ሳየው አሸዋ የበላው መሰለኝ። እኛ ዘንድ ጠርዙ ያልታጠፈ ላሜራ ከሱቅ አይወጣም፤ ጠርዙ ያልታጠፈ ምድጃ የሰው እጅ ይቆርጣል። ስለዚህ ዙሪያውን አጥፌ፣ በመዶሻ አስተኝቼ፣ ከፈረንጅ ሥራው ይሻላል ብዬ ላክሁልሽ። ውሃ ውስጥ የማንን እጅ እንደሚቆርጥ ራሴን አልጠየቅሁም።

በስልክ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አልሽኝ። ያንን ይዤ ተራውን ሁሉ ዞርኩበት።

ማክሰኞ እናትሽ ካሚላ ሱቅ መጣች። ወንበር ሳቀርብላት አልተቀመጠችም። ያጠፍኩት ጠርዝ ሰሌዳው በጀልባው ሆድ በኩል የሚወርድበት ክፍተት ውስጥ ተቀርቅሮ ሰሌዳው ግማሽ ላይ እንደቀረ፣ ነፋሱ ሐይቁን ከምታስጎበኚያቸው እንግዶችሽ ጋር ወደ ጎን ገፍቶ ደንገል ውስጥ እንደከተታችሁ፣ የታንኳ ልጆች እየሳቁ ጎትተው እንዳወጧችሁ ነገረችኝ። «አንተ ምድጃ ሠሪ፣ እንዳታፍር ብላ እኮ ነው የደበቀችህ» አለችኝ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እንጀራችሁ ባለበት ጀልባ ላይ እኔ ስቀልድ፣ አንቺ እኔን ሸሸግሽ።

እዚህ ተራ ብረት አያድርምና ከላክሽው ስባሪ አንዱ የጎረቤቴ የአብዱልሰላም ምድጃ መቀመጫ ሆኗል። የሳሳውን ግን ለምንም አይሆንም ብሎ ጥሎት አገኘሁት። እሱን አጠገቤ አድርጌ አዲስ ሠራሁ፤ ጠርዙንም እንደሱ እስኪሳሳ ሞረድኩት። ክፍተቱን የሚያህል ቦታ ትቼ ሁለት ጣውላ አቆምኩና በመሃላቸው ስለቀው በራሱ ክብደት ወረደ። አብዱልሰላም «ዛሬ ቀልድ የለም እንዴ?» አለኝ። የለም አልኩት።

ቅዳሜ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። መዋኘት እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ እንኳ ወደ ታች ሳላይ ነው የምሻገረው። ቢሆንም እንግዳ ሳይወጣበት እኔ እቀመጥበታለሁ። ወደ ጎን ከሄደ ሳቁን በራሴ ጆሮ ልስማው። አንቺ ግን ከእንግዲህ ያበላሸሁትን ለእናትሽ ሳይሆን ለእኔው ንገሪኝ።

ኢርፋንን አፉ በለኝ በይልኝ፤ ያን ሰሌዳ ሲያስለቅቅ ጣቱን መቀጥቀጡንም ሰምቻለሁ። ሉብናን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለታንኳ ልጆችም ሰላምታዬን አድርሺ፤ ቅዳሜ ገመዳቸውን ሩቅ እንዳያስቀምጡት።

አጎትሽ ሙህዲን
አዲስ ከተማ፣ ምን አለሽ ተራ
ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.